የእንጆሪው ሲጋርህ ጉድ

አንተ ቀልደኛ!

እንደምን ሰነበትክ? ወደዚህ አገር ለመምጣት ስነሳ «ትልቅ ሰው ስትሆን ታጨሰዋለህ» ብለህ በኪሴ የሸጎጥክልኝን፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚለውን ርካሽ ሲጋርህን ዛሬ በረንዳ ላይ ለኮስኩት። እግዜር ይይልህ! መጀመሪያ ከረሜላ ከረሜላ አለኝ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል አከራዬ ብቅ አሉ። ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሰው ጋር አያወሩም፣ ለእኔም ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ማርማላታ እያሳረርክ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ ሲጋር ነው። ጓደኛዬ የሰጠኝ ስጦታ።»

«ምን በድለኸው ነው?» ብለው ተቀበሉኝና አንዴ ማጉት። አቤት ሳል! ሳሉ ሳይበርድ ሳቅ ተከተለ፤ የበረንዳውን ብረት ይዘው ተንፈራፈሩ። ልጃቸው ከማድ ቤት ሮጣ መጣችና በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኛ ሰፈር ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲ ውሃ ይዞ ይደርስ ነበር፤ እዚህ ግን አባባ ወንበር ይዘው መጡ። ሲጋሩን እየተቀባበልን፣ አንተን እየረገምን ጨረስነው። ስለ ባለቤታቸውም ብዙ አጫወቱኝ።

ይህ ፖስት ካርድ ጠበበኝ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ማጨሴን ግን አደራ፣ እንዳይሰሙ! በል ልሩጥ፤ አባባ «ያለ አንተ ማዕድ አይቆረስም» እያሉ ከታች እየተጣሩ ነው።