ለአንኳኳ ሁሉ የምትከፍተው እናት

አዋሳ፣ ሐምሌ 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ሰሜን ጦር ግንባር ላለኸው ልጄ ለሞገስ። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ፤ እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ቅዳሜ ጎረቤቴ ሮማን ቤት በቴሌቪዥን የአሜሪካ ፊልም አየሁ። ከአገሯ ተሰዳ የመጣች እናት፣ ቋንቋውን ባታውቅም እጇን በሽርጧ እየጠረገች ላንኳኳ ሁሉ በሯን ትከፍታለች። ፈረንጅ እንዲህ ያለች እናት ያለችው አይመስለኝም ነበር።

"እማማ ጥሩነሽ፣ ቁርጥ እርስዎን!" አለችኝ ሮማን።

እኔ እንኳ ዘንድሮ እንደሷ አልሆንኩም። ደብዳቤህ ከፋሲካ ወዲህ ቀርቷል። ትናንት ገና ጎህ ሲቀድ የዕድራችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው አንኳኩ። "ጉዳይ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ኑ" አልኳቸው ከውስጥ ሆኜ። ከሰዓት አልመጡም። ዛሬም ጎህ ሲቀድ መጡ።

አንተ ስትመጣ ግን ድምፅህን አሰማኝ፤ በየትኛውም ሰዓት እከፍትልሃለሁ።

በሩ ሥር የተቀመጠችው እናትህ፣
ጥሩነሽ