ባትሪ ወጥቶ ለስላሳ ስለገባበት የብርድ ሣጥን

ለተከበሩ የባትሪ ምርምር ተቋም ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ብርድም ሙቀትም እንዳይደፍርዎ እመኛለሁ። እኔ በየቀኑ ከአልጋዬ እየተነሣሁ ነው፤ ይህ ጤና ከተባለ ደህና ነኝ። የምጽፈው ቀስ እያልኩ ስለሆነ፣ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ባለፈው ወር ያረፈችው ልጄ በተቋምዎ የሶዲየም ባትሪ ፈሳሽ ትቀምም እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ከጨው ደግሞ ምን ባትሪ ይወጣል ብዬ ስስቅባት፣ «እማዬ፣ ጨውማ ሞልቷል፤ የጠፋው በብርድም በሙቀትም የሚያሻግረው ፈሳሽ ነው» ትለኝ ነበር። ሲበርደው እንደ ዘይት ይረጋል፣ ሲሞቀው ባትሪውን ያሳብጠዋል፤ ጠባዩ ቁርጥ አንቺን ነው እያለችም ትቀልድብኝ ነበር። የመጨረሻው ቅምሟ የሙቀቱን ፈተና አለፈ። የብርዱ ሳይደርስ ግን እሷ አለፈች።

አንደኛ፣ ጋዋኗንና ጫማዋን ልወስድ ስመጣ፣ ባትሪዎቿ ከብርድ መፈተሻው ሣጥን ወጥተው በቦታቸው ለስላሳ መጠጥ ተደርድሮ አየሁ። ለእንግዶችዎ ጉሮሮ ስላሰቡ አመሰግናለሁ። ልጄ ያንን ሣጥን ለማግኘት ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠናች ግን እርስዎም አይረሱትም።

ሁለተኛ፣ ለእኛ አገር አየር የብርድ ፈተና እንደማያስፈልግ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ይህን ሲሉኝ ካፖርት ደርበው፣ እግርዎን ወደ ማሞቂያው ዘርግተው ስለነበር ትምህርቱ በደንብ ገብቶኛል።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ባትሪዎቹ ዓርብ ከቆሻሻው ጋር እንደሚወጡ ነግራኛለች። ከዚያ በፊት ባትሪዎቹ ወደ ሣጥኑ ይመለሱልኝ። ለስላሳዎቹን በባልዲ ውሃ ነክሬ እኔው እጠብቅልዎታለሁ፤ አንድም አይጎድልም። ቅምሙ ከወደቀ ይውደቅ፤ ልጄም ብትኖር አዝና፣ አኩርፋ፣ በማግስቱ ሌላ ትቀምም ነበር። ሳይፈተን መጣሉን ግን አልችለውም።

ለሚሰጡኝ መልስ፣ ካልሰጡኝም ለማያጡት ምክንያት በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ።

የቀማሚዋ እናት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በላኩልኝ የሐዘን መግለጫ ላይ ልጄን «ታታሪው ወንድማችን» ብለዋታል። በዚህ ዕድሜዬ ወንድ ልጅ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ የቀበርኩት ግን ሴቷን ነው። አርመው ሲልኩልኝ የብርዱን ፈተና ውጤት አብረው ቢያሽጉት፣ ለሁለቱም አንድ ፖስታ ይበቃል።