የወንድሜ ወርጊልድ

ጥር 6

ዛሬ ለሕግ ተማሪዎቼ «ወርጊልድ»ን አስተማርኩ። የጥንት ጀርመናውያን ነገዶች ቃል፤ ዛሬ የሚናገረው የለም። «ወር» ሰው፣ «ጊልድ» ክፍያ። የገደለ ሰው ለሟች ቤተሰብ የሚከፍለው።

«መምህርት፣ ይሄማ የኛው የደም ካሳ አይደል?» አለ አንዱ። ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ወንድሜን ባስልኤልን የጭነት መኪና ከገጨው ገና ዓመት አልሞላም...

ጥር 9

አባዬ ዛሬም ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ገባ። እራት ሳቀርብ «ጠግቤያለሁ»። የት በላ?

ጥር 13

ቴፒ ነው የሚሄደው! ጎረቤታችን ወይዘሮ ለተብርሃን ከቴፒ ሚኒባስ ሲወርድ አየችው። ቴፒ ማን አለን? ባስልኤልን የገጨው ሾፌር፣ ጌታሁን ብቻ። ደም ሳይታረቅ ደግሞ የገደለና የሞተበት አብረው እህል አይቀምሱም፣ ውሃም አይጠጡም። እዚያ ከበላ... ታርቋል ማለት ነው። ሳይነግረኝ።

«አባዬ፣ የት ዋልክ?»

«ሰው ልጠይቅ ሄጄ።»

«ማንን?»

«በይ ተኚ።»

ዓይን ዓይኔን አላየኝም። ተናድጃለሁ።

ጥር 17

ስለ ወርጊልድ መልሼ አነበብኩ። የመኳንንቱ ወርጊልድ ብዙ፣ የተራው ገበሬ ጥቂት ነበር። ጎማ ጠጋኙ ባስልኤልስ? ስንት ብለው ተስማሙ?

አባዬ ከስቷል። ጠግቦ የሚመጣ ሰው ይከሳል? ብቻ... አላምነውም።

ጥር 20

ተከትዬው ቴፒ ሄድኩ። ጌታሁን ግቢ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አባዬ ፊት የቀረበው ቆጮ አልተነካም።

«መጣሽ ልጄ?» አሉኝ አቶ ወርቅአፈራሁ፣ ትልቁ ሽማግሌ። «አባትሽ ‹እሷ እሺ ሳትል እህላችሁንም አልቀምስ፣ ካሳም አልሰማ› ብሎን ነው የምንመላለሰው።»

«ታዲያ ቤት ለምን አትበላም?» ጮህኩበት።

«እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ፣ አንቺን ደብቄ እየመጣሁ፣ እህል ይወርድልኛል የሺ?»

አፈርኩ።

«በይ ካሳውን አንቺ ተናገሪ» አሉ ሽማግሌው። ጌታሁን ድንጋይ ተሸክሞ ተንበርክኳል።

«ድንጋዩን አውርደው» አልኩት። «ሲሞት አጠገቡ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ምን አለ?»

ድንጋዩን መሬት አኖረ።

«‹ሞተር መንዳቴን የሺ እንዳትሰማ፣ ትቆጣለች› አለኝ።»

እሱ ነው። ራሱ ባስልኤል! ስንቴ ከልክዬው ነበር... ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ለቅሶው።

ሌላ ካሳ አልጠየቅኩም። ከቆጮው ቆርሼ አባዬን አጎረስኩት፤ እኔም በላሁ።