የምድር ቤቱ አልጋ

ሰኔ 14፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። ጽሑፌ ቢንጋደድ ግን አትፍረጂብኝ፤ ተናድጄ ነው የምጽፍልሽ።

ዝናቡ ሊገባ ነው። አምና ጎርፉ ምድር ቤቱን ጭቃ ሞልቶት ኢንሹራንሱን ካሳ ስንጠይቅ፣ "ቀድማችሁ አልተጠነቀቃችሁም" ብለው በባዶ እጃችን እንደመለሱን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ ይህን ቃል አልሰማም ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ። የኢንሹራንሱ ሰው ውሉን ከማደሱ በፊት መጥቶ ቤቱን ያያል። ስለዚህ የውሃ መውረጃውን አስጠረግሁ፣ በራፉ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ደረደርሁ፣ ሶኬቶቹን ወደ ላይ አስነሳሁ፤ ማቀዝቀዣው እንኳ ብሎኬት ላይ ወጥቷል። የቀረው ያንቺ አልጋ ነበር። ከጎረቤታችን ከአናጺው ጋር ፈታትተን ፎቅ አወጣነው።

ከገበያ ስመለስ አልጋው ታች ተገጥሞ፣ አንሶላ ተነጥፎበት አገኘሁት።

"ማነው ያወረደው?"

"እኔ ነኛ!" አለ አባትሽ። "ልጅቷ ስትመጣ የት ልትተኛ ነው?"

"አንተ ሰው፣ ልጅቷ ባሕር ማዶ ነች!"

"ኧረ ተይኝ። ፈተናዋን ጨርሳ ዛሬ ትመጣለች።"

የራስሽ ልጆች ለፈተና ደርሰው! ደግመን አወጣነው፤ ደግሞ አወረደው። ሻዩ ላይ ስኳር መጨመሩን የሚረሳ ሰው፣ ብሎኖቹን ግን አንዱንም ሳያሳስት ገጥሟቸዋል። ግትርነት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ትናንት የኢንሹራንሱ ሰው መጣ። አስተምሬዋለሁ፤ ያኔም ችኩል ነበር። ሁሉን አይቶ ያንቺ ክፍል በር ላይ ሲደርስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ቲቸር፣ አልጋው መሬት ላይ ነው። ካልተነሳ ውሉን አላድስም" አለኝ።

አባትሽ ሳሎን ሆኖ ሰማው። ብድግ ብሎ መጣና፣

"በልጄ አልጋ ምን አገባህ? ደግሞስ በዚህ ጫማ ነው የምትገባው? አውልቅ!" ብሎ ጮኸበት።

ሰውዬው ጫማውን አወለቀ። አባትሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትራሱን በመዳፉ ያለሰልስ ጀመር። እኔም ቆሜ አየሁት።

"ይህን ክፍል ከውሉ አውጣው" አልሁ።

"ቲቸር፣ ውሃ ቢገባ ለዚህ ክፍል ሰባራ ሳንቲም አይከፈልም እኮ!"

"ገብቶኛል።"

"እርስዎ እኮ ያልተሟላ ሥራ አይቀበሉም ነበር።"

"አሁንም አልቀበልም። አንተ ግን ጻፍ!"

ጻፈ። ፈረምሁ። ከዚያ ወዲህ ንዴቴ አልበረደልኝም፤ ይህን ሁሉ ለፍቼ አንድ ክፍል ለጎርፍ መተው!

እንግዲህ ስትደውዪ "አባዬ" ከማለትሽ በፊት ስምሽን ንገሪው። ጆሮው ትንሽ ከብዶታል።

ፈቃድ ካገኘሽ ደግሞ ዝናቡ ሳይጠና ነይ። አልጋው ተነጥፏል።

የምትረግጪው መሬት ሁሉ ደረቅ ይሁንልሽ፤ ልጆችሽን በሰላም ያሳድግልሽ።

እናትሽ