ታጥቦ የቀረበ አቤቱታ

ይድረስ ለበኩር ልጄ፤ ጤናህ እንደ ጸሎታችን ይሁን። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን፤ ጣሪያውም ታደሰ።

የእህትህ ባል በመዶሻ ክንዷን ሰብሮ ጥርሷን አረገፈው። በደም ተነክራ አደባባይ አትቆምም ብዬ ልብሷን አሳጥቤ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኋት።

መርማሪው፣ «አባባ፣ ማስረጃውን አጥባችሁ መጣችሁ እኮ! ደግሞስ የባልና ሚስት ጠብ በሽማግሌ አይሻልም?» አለኝ።

«ሽማግሌውማ እኔ ነኝ! ስንቱን አስታርቄአለሁ፤ አጥንት ግን በምርቃት አይጠገንም። ቃሌን ጻፍ!» አልሁት። ጽፎ አስፈረመኝና ወደ ሐኪም ላከን። በሐኪሙ ማስረጃ ሰውየው ታሰረ፤ ትናንት ግን በዋስ ወጣ።

እህትህ ከእኛ ጋር ናት። የእንጨቱን በር በብረት አስለውጫለሁ፤ እናትህም መጥረቢያውን ከማጀት ወደ መኝታ ቤት አዛውራለች። ሌላ ወሬ የለም።

አምላክ በሰላም ያገናኘን። ስትመጣ በቀን ና፤ በሩን ሳትነካ ስምህን ጥራ።

አባትህ