ከሐዲዱ ጎን ያለው ክፍል

ሰኞ

ተከራዬ ሲስተር ጥሩወርቅ ልትለቅ ነው። ከገባች ገና ሰባተኛ ቀኗ! ጠዋት ከሥራ ስትመለስ በራፌ ላይ ቆማ፣ «እትዬ አስካለ፣ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለችኝ። ነው እንጂ፣ አልኳት። «ባቡሩስ?» የቱ ባቡር ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

ሥራዋ ሌሊት ነው፤ ሆስፒታል አድራ ቀን ትተኛለች። የዕቃው ባቡር ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ይመላለሳል፤ ሐዲዱ ከጓሮ አጥሬ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ክፍሉን ልታይ የመጣችው እሑድ ነበር፣ ያን ቀን አንድም አላለፈም። አልዋሸኋትም። አቃቂ ከሐዲድ ጎን ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ባቡር አይሰማውም። ግን ይህን ማን ያምነኛል?

ማክሰኞ

ጭንቀቴ ተከራይ የማጣት ብቻ አይደለም። ጥር ላይ ጓሮ ውስጥ አዳልጦኝ ወድቄ፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ከረፋዱ እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ቀረሁ። ብጣራ የሚሰማኝ አልነበረም። ልጄ የውብዳር ልትጠይቀኝ መጥታ ነው ያገኘችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይዛለች፦ «እማዬ፣ ግቢው ውስጥ ሰው ከሌለ ቤቱን ቆልፈን ሳሪስ እኔ ጋ ትገቢያለሽ።» ደግ ልጅ ናት። ግን እሷ ቤት ማንኪያ እንኳ የት እንዳለ ጠይቄ ነው የማገኘው። ከቤቴ መውጣት አልፈልግም። አልፈልግም!

ቀትር ላይ እስቲ ልስማው ብዬ በርጩማ አውጥቼ ጓሮ ተቀመጥኩ። መጣ። ጉድ ነው! መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ያሰጣሁት በርበሬ ሰፌዱ ላይ ዘለለ። ይህን ሁሉ ነው ያልሰማሁት?

ባሌ ተፈራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ነጂ ነበር። በአጥራችን ሲያልፍ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጎ ጡሩምባ ይነፋልኝ ነበር፤ ደርሻለሁ፣ ምሳ አቅርቢ ማለቱ ነው። ጆሮዬ ባቡሩን የተወው እሱ ከሞተ በኋላ ይመስለኛል። ይህን ስጽፍ አለቀስኩ።

ረቡዕ

ሲስተር ዕቃዋን ጭና ሄደች። «ይቅርታ እትዬ፣ እንቅልፍ ካጣሁ በሽተኛ ላይ እሳሳታለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከእንግዲህ ግን ባቡሩን በጆሮው ላልሰማ ሰው ቁልፍ አልሰጥም።

ሐሙስ

አቶ ደምሴ የሚባሉ ሰው ደላላው ይዞልኝ መጣ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ ሽመና ክፍል። ሃምሳ ያለፋቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው። ክፍሉን ወደዱት። እኔ ግን «ባቡር እስኪያልፍ ይቀመጡ» ብዬ ሻይ አቀረብኩ። ደላላው ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ገበያዋን በእጇ የምታበላሽ አሮጊት አይቶ አያውቅም መሰለኝ።

ባቡሩ መጣ፣ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ አለፈ። «እህስ?» አልኳቸው። ሰዓታቸውን አዩ። «ዛሬ የዘገየ ይመስላል» አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ለካስ በሽመና መኪና መሃል ሲኖሩ ጆሯቸው ሄዷል፤ የሚሰሙት ከንፈር እያዩ ነው። የወለሉን መንቀጥቀጥ እንደሆን ለምደውታል።

ከዚያ ሳቄ ደረቀ። የውብዳር የምትፈልገው ብጣራ የሚሰማኝ ሰው ነው። መውደቄን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «እኛ ፋብሪካ መኪናው ሲጮህ ማንም ማንንም አይሰማም፤ በዓይን ነው የምንጠባበቀው» አሉ። «ጠዋት ሲነሡ ነጠላዎን በረንዳው ሚስማር ላይ ይስቀሉልኝ። ለሥራ ስወጣ ካላየሁት እመጣለሁ። ማታ ስመለስ ደግሞ ገብቶ ካላገኘሁት እመጣለሁ።»

ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ

አቶ ደምሴ ገቡ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ሬዲዮ። ሬዲዮው ምን ሊያደርግላቸው ነው? የሚስታቸው ነበር አሉ።

የውብዳር መጥታ አይታቸው ተናደደች። «እማዬ፣ የማይሰማ ሰው ጠባቂ አድርገሽ!» የማይሆን ከሆነ ሳሪስ ልትወስደኝ አንድ ሳምንት ብቻ ሰጠችኝ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ብዬ ቡና አቀረብኩላት።

ሰኞ

ማለዳ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ባቡሩን ሰማሁት። አሁን ሁሌም እሰማዋለሁ። ተፈራን እያሰብኩ፣ ሁለቱን ጡሩምባ የምጠብቅ ይመስል ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ነጠላውን ረሳሁት።

በሩ ሊገነጠል ደረሰ። «እትዬ! እትዬ አስካለ!» ደህና ነኝ ብል፣ ብጮህ፣ ከበሩ ወዲያ ሆነው እንዴት ይስሙኝ! እስክከፍትና ፊቴን እስኪያዩ ድረስ መደብደባቸውን አልተዉም። አንድ እግራቸው ላይ ጫማ፣ ሌላው ላይ ካልሲ ብቻ ነበር። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ደህና ነኝ» አልኳቸው፣ ከንፈሬን እያሳየሁ። በረንዳው ላይ ቁጭ አሉና ተነፈሱ። ለሥራ አረፈዱ።

በጣም አፈርኩ። በጣምም ደስ አለኝ።

ነጠላውን ሰቅዬዋለሁ። ከድብደባው የተነሣ የበሩ ማጠፊያ ላልቷል፤ ግን እስከ ቅዳሜ አላስጠግነውም። የውብዳር ስትመጣ መጀመሪያ የማሳያት እሱን ነው።