ሰፈሩ የሰማው፣ ሐኪሙ ያልሰማው

ይድረስ ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ ስታወሪኝ መሃል ላይ የሚያቋርጥሽ ሳል ለቀቀሽ? ባልሽስ? ልጆቹስ ረዘሙ፣ ወይስ እንደ አባታቸው በወርድ ብቻ ነው የሚያድጉት? እኔ ደህና ነኝ፣ ድምፄ ብቻ ተዘግቷል፤ ያውም ታምሜ ሳይሆን ጮኼ ነው። እማዬም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይሰቀል ብዬ ነው። አሁን አጠገቤ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ "ፊደሉን አታጣሚ" እያለች ትነዘንዘኛለች። ንዝንዟ እንዲህ ይጣፍጠኛል ብዬ መቼ አስቤ! ግን እህቴ፣ ደስታዬን ንዴቴ አላስበላ አለኝ፤ ለአንቺ ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ባለፈው ወር ነው። እማዬን ትኩሳት ይዟት ሰንብቶ አንድ ቀን ጠዋት ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ሲጠቁር ሳይ አምቡላንስ ጠራሁ። ቶሎ ነው የመጡት፣ አልዋሽም። ከሹፌሩ ጋር አንዲት ቀጭን ባለሙያ ልጅ ነበረች። ኦክስጅን ሰክታላት፣ ቃሬዛው ላይ አስተኝታት፣ ገና መንገድ ሳንጀምር ጥያቄዋን አዥጎደጎደችው። እድሜዋ ስንት ነው? ምን መድኃኒት ትወስዳለች? የማይስማማት ነገር አለ? እኔን ታውቂኛለሽ፣ ጠይቁኝ እንጂ! ፔኒሲሊን በጭራሽ እንደማይስማማት፣ ያኔ አንቺ እያለሽ ተወግታ ፊቷ አብጦ፣ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ለጥቂት እንደተረፈች ነገርኳት። ሲያስላት ሽንቷ እንደሚያመልጣት እንኳ አልደበቅኩም። እማዬ በዓይኗ ተይ፣ ተይ ትለኛለች። እኔ ደግሞ "እማ፣ ከሐኪም የሚደበቅ ነገር የለም" አልኳት። ልጅቷ ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈችና "አይዞሽ እናቴ፣ እኛ ሳንደርስ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል" አለችኝ። እኔ ሞኟ መረቅኋት።

ሆስፒታል ስንደርስ እማዬን እየገፉ አስገቧት፣ እኔን ጥበቃው በሩ ላይ አስቀረኝ። አግዳሚው ላይ ገና ቁጭ ከማለቴ ስልኬ ጮኸ። ሬዲዮ ናት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ነው ጎረቤት የሆነችን፤ ድሮ እዚያው ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፣ ወሬ አድሮባት ስለማያውቅ ሰፈሩ ሬዲዮ ይላታል። "እናታችንን ፔኒሲሊን እንዳይወጓቸው አደራ! ለሽንቱ ደግሞ እኔ ጋ የላስቲክ አንሶላ አለ፣ አይሳቀቁ በያቸው" አትለኝም መሰለሽ! ማን ነገረሽ ብላት "የሆስፒታሉ የስልክ ግሩፕ ላይ ነዋ! ለካ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ እኔንማ ሰባን አልረገጥኩም ብለውኝ" ብላ ሳቀች።

ስልኩን ሳልዘጋ አንዲት ነርስ ወጥታ ማዘዣ እጄ ላይ አስቀመጠች፤ ቶሎ ከፋርማሲ አምጪ፣ ሐኪሙ መርፌውን እየጠበቀ ነው አለች። አነበብኩት። ፔኒሲሊን! ጥበቃውን እንዴት እንዳለፍኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። "እናቴን ልትገድሏት ነው?" ብዬ ስገባ ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ሐኪሙ ደንግጦ "እኔን ማንም አልነገረኝም" አለ። የአምቡላንሷ ልጅ እዚያው ጥግ ቃሬዛዋን እያጸዳች ነበር። "ዶክተር፣ ግሩፑ ላይ ልኬ ነበር እኮ" አለችው። የቱ ግሩፕ? ስልኳን አሳየችው። "ይሄንን ከተውነው ቆየን፣ ድንገተኛ ክፍሉ አዲስ ከፍቷል" አላት። "ታዲያ ለእኛስ ማን ነገረን?" አለችው። ያንን የድሮውን ግሩፕ ሐኪሞቹ ጥለውት ወጥተዋል፤ ውስጡ የቀሩት አምቡላንሶቹ፣ ሥራ የለቀቁት፣ ጡረታ የወጡትና ሬዲዮ ናቸው። አየሽ ሥራቸውን? ልብስ ታጥብ የነበረችው ሰምታለች፣ እናቴን የሚያክማት አልሰማም! ይህንኑ ስላቸው አንዷ ነርስ ሳቋ አመለጣት፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሐኪሙ መርፌውን በሌላ ለወጠው። ሳንባዋን ምች መትቷታል፣ ልቧም ስለደከመ ውኃ ቋጥራለች ብሎ ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ጨምሮ አዘዘላት። ትንፋሿ ተመልሶ ቤት ገባን። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲሰበሰብ ሬዲዮ ያንን የላስቲክ አንሶላ አንከብክባ፣ ሰው ሁሉ ፊት "እንዴት ነው ሽንቱ?" ብላት ቁጭ! ለክፋት አይደለም፣ አሳቢ ናት፣ እሱ ነው የሚያንገበግበው። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሲወጡላት "ከእንግዲህ ብሞት አምቡላንስ እንዳትጠሪ። ከጠራሽም አፌን አልከፍትም፤ አንቺም ከከፈትሽ ልጄ አይደለሽም" አለችኝ።

እኔም በማግስቱ አምቡላንስ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ፣ መረጃ መሰብሰብ ለታካሚው ጥቅም እንደሆነ፣ ዘመናዊ አሠራር እየተጠና እንደሆነ አስረዳኝ። እስኪጠና እናቴ ምን ትሁን? ስለው ቢያስብ ቢያስብ ምን አለኝ መሰለሽ? "ግሩፑ ላይ ይቅርታ እንጽፍላቸዋለን!" ያልሰማ ካለ ይስማ ነው እኮ! እዚያ ነው ድምፄ መዘጋት የጀመረው።

ሰነበትንና ትንፋሿ እንደገና አጠራት። አትጥሪ እያለች በእጇ እየከለከለችኝ ጠራሁ። የመጣችው ያችው ልጅ ናት። እማዬ ጥርሷን ነክሳ ዝም። ልጅቷ ስልኳን ኪሷ ከተተችና ጎንበስ ብላ "እናቴ፣ ያን ጊዜ በድያችኋለሁ። አሁን የሚነግሩኝን የትም አልልክም፤ እኔው አብሬ ገብቼ ለሐኪሙ በጆሮው እነግረዋለሁ" አለቻት። እማዬ ትኩር ብላ አየቻትና፣ እታለም፣ ለእኔ ያልነገረችኝን ተናገረች። ያንን ኪኒን መዋጥ አቁማለች! ከዋጠችው ሽንት ያስሮጣታል፣ ጠያቂ ደግሞ ከቤት አይጠፋም፤ በሰው ፊት ከምዋረድ ይቅርብኝ ብላ ትራስ ሥር ስትደብቀው ከርማለች። ውኃው ሳንባዋን ሞልቷት ልትሞትብኝ ነበር። ሰማሽ? ከበሽታው በላይ እፍረቱ ሊገድላት ነበር!

ልጅቷ ቃሏን አልበላችም። ሐኪሙ ጆሮ ድረስ ሄዳ ነገረችው፤ የሰማውን መልሶ እስኪነግራት የቃሬዛውን እጀታ አልለቀቀችም። ወዲያው ሽንት የሚያስወጣ መርፌ ወጋት፣ ውኃው ወጣላት፣ እናታችን ተረፈችልን።

ታዲያ ትናንት ምን ብሰማ ጥሩ ነው? ልጅቷን አምቡላንሱን ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ አቁመሽ ቆየሽ ብለው ማስጠንቀቂያ ሰጧት! ያ የድሮ ግሩፕ ግን እስከ አሁን አልተዘጋም። ነገ ያንን ኃላፊ ልገጥመው ተነስቻለሁ። እማዬም ይህን ለአንቺ እንድጽፍ ፈቅዳልኝ ስታበቃ "ብቻሽን አትሄጂም። ደግፈሽ ውሰጅኝና ፊቱ አስቀምጪኝ፤ የእኔን ገመና የምነግረው እኔ ራሴ ነኝ፣ በየሰው ስልክ መዞሩ ምን እንዳስደረገኝም ይስማ" ብላኛለች። ኪኒኗንም እያየኋት ውጣለች።

ባልሽን እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ፣ ያን የሚያመውን ትከሻውን ይታሽ። ትልቋን ልጅሽን ጉንጭና ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መንትዮቹንም እኩል እኩል፣ አለበለዚያ ይጣሉብሻል። አማትሽን ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቻለሁ። ባለቤቴ ሰላም ይልሻል፣ ሰሞኑን ከቤት የሚሰማው ጩኸት የኔ እንደሆነ አውቆ ዝም ብሏል። እማዬ ደግሞ ልጄን ናፍቄያለሁ፣ ትድረስልኝ በያት ብላለች።

የምትወድሽ እህትሽ

ከእናታችን አልጋ አጠገብ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ